የአሜሪካ መዝናኛ ታሪክ መታሰቢያ ቀኖችን ሳይሳሳቱ ለመያዝ

«ዛሬ 50 ዓመት ሞላው» ብለው ከመጻፍዎ በፊት «ምኑ ነው የሞላው?» ብለው ይጠይቁ። የመታሰቢያ ዝርዝር በአብዛኛው የሚበላሸው በስሌት ሳይሆን የቀረጻን፣ የምርቃትን (መጀመሪያ የታየበትን) እና የስርጭትን ቀን በማደባለቅ ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ካዛብላንካ የተባለውን ፊልም እንውሰድ። መጀመሪያ የታየው ኖቬምበር 26 ቀን 1942 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። በመላ አገሪቱ ሲኒማ ቤቶች የተሰራጨው ጃንዋሪ 1943 ሲሆን፣ የምርጥ ፊልም ኦስካሩን የወሰደው ደግሞ ማርች 1944 ነው። ሦስቱም ዓመቶች በየቦታው ተጽፈው ይገኛሉ፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው። ስለዚህ ሰንጠረዥ ሲያወጡ ከ«ቀን» ዓምድ ጎን «የምን ቀን» የሚል ሌላ ዓምድ ይጨምሩ። ለፊልም ምርቃቱን ከመረጡ ለሁሉም ፊልም ምርቃቱን ይያዙ። ለሙዚቃም ያው ነው፦ ኤልቪስ ፕሪስሊ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማውን ሜምፊስ ውስጥ የቀረጸው ጁላይ 5 ቀን 1954 ነው፤ ሸክላው ገበያ ላይ የዋለው ግን ጁላይ 19 ነው።

ቀኑን ለማጣራት የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ካታሎግ ጥሩ መነሻ ነው፤ ምርቃትንና ስርጭትን ለይቶ ያስቀምጣል። ለሌላው፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት በነጻ የሚያስነብባቸውን የድሮ ጋዜጦች ያገላብጡ። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው አስቀድሞ የወጣ ማስታወቂያ ነው። የ1981 ኦስካር ለማርች 30 ተቀጥሮ ነበር፤ በዚያው ዕለት ፕሬዚዳንት ሬገን በጥይት ስለቆሰሉ ወደ 31 ተላለፈ። የ30ውን ጋዜጣ ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል። ምንጊዜም በማግስቱ የታተመውን ዘገባ ይፈልጉ። ሁለተኛው ስም ነው። ሳተርደይ ናይት ላይቭ የተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ዝግጅት ኦክቶበር 11 ቀን 1975 ሲጀምር በዚህ ስም አይጠራም ነበር፤ ስሙን በኤቢሲ ቴሌቪዥን የሚተላለፈው የሃዋርድ ኮሴል ዝግጅት ይዞት ነበር። በዛሬው ስም የወቅቱን ጋዜጦች ቢፈልጉ የሚመጣልዎት የኮሴል ነው።

የመጽሔት ሽፋንንም አይመኑ። ሱፐርማን ብቅ ያለበት የመጀመሪያው አክሽን ኮሚክስ ሽፋኑ ላይ ጁን 1938 ይላል፤ ለሽያጭ የቀረበው ግን ኤፕሪል ነው። አሳታሚዎች እትሙ ቶሎ አርጅቶ ከመደርደሪያ እንዳይነሳ ወሩን ወደ ፊት ይገፉ ነበር።

ቆጠራው ላይ «50ኛ የስርጭት ዘመን» እና «50 ዓመት» አንድ አይደሉም። የሳተርደይ ናይት ላይቭ 50ኛ ዘመን የጀመረው በ2024 ነው፣ ልዩ ዝግጅቱም የተላለፈው ፌብሩዋሪ 2025 ነው፤ 50 ዓመቱ የሞላው ግን ኦክቶበር 2025 ነው። ኦስካር ደግሞ የባሰ ነው፦ መጀመሪያ የተሰጠው ሜይ 16 ቀን 1929 ሲሆን፣ በ1930 ሁለት ጊዜ ተካሂዷል፣ በ1933 ጭራሽ አልተካሄደም። የሥነ ሥርዓቱን ተራ ቁጥር በመቀነስ ብቻ ለማግኘት አይሞክሩ፤ ከዝርዝር ያንብቡ።

የቴሌቪዥን ጉዳይ ሲሆን የሰዓት ክልሉን አብረው ይመዝግቡ። የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤምቲቪ የተከፈተው ኦገስት 1 ቀን 1981 በኒው ዮርክ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ካለፈ ከ1 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ገና ጁላይ 31 ነበር።

ባለቤቱ ራሱ የሚያከብረው ቀን ካለ እሱን ያስቀድሙ፣ ልዩነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዱ። የመዝናኛ ፓርኩ ዲዝኒላንድ ጁላይ 17ን ያከብራል፤ በ1955 በዚያ ቀን የገቡት ግን ተጋባዦች ነበሩ፣ በሩ ለሕዝብ የተከፈተው በማግስቱ ነው።

የቀረው ፌብሩዋሪ 29 ነው። ተዋናይቷ ሃቲ ማክዳንኤል ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት የሆነችው ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 ነው። ቀኑ በሌለባቸው ዓመታት ፌብሩዋሪ 28 ላይ ቢያውሉት ይሻላል፤ ቢያንስ ወሩ አይለወጥም።