በርበሬው ሲከሰስ ሽንኩርቱ አመለጠ፦ አንጀታችን ሲታወክ በምግብ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

የኔ ሕመም የጀመረው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከአንድ ከባድ ተቅማጥ በኋላ ነው። ተቅማጡ በሳምንቱ ቆመ። ቁርጠቱ፣ የሆድ መነፋቱና ሽንት ቤት ፍለጋ መሯሯጡ ግን አልለቀቀኝም። ከብዙ መመላለስ በኋላ የተነገረኝ ስም አይቢኤስ ነው። አንጀት በመሣሪያ ሲታይ ቁስልም እብጠትም አይገኝበትም፤ ነገር ግን ትንሹን ነገር አግንኖ ይሰማዋል፣ እንቅስቃሴውም ይዛባል። እስከዚያ ድረስ "ምንም የለብሽም" እየተባልኩ ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ራሴ የሠራኋቸውና በዚሁ ሕመም የሚሰቃዩ ወዳጆቼ ሲሠሯቸው የማያቸው ስህተቶች ናቸው።

ሆድ በጮኸ ቁጥር "አሜባ ነው" ማለት

ሆዳችን ሲታወክ "አሜባዬ ተነሣብኝ" እንልና ሳንመረመር ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ገዝተን እንውጣለን። ለጥቂት ቀን የተሻለን ይመስለናል፤ ከዚያ ያው ይመለሳል። እኔ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ወስጃለሁ። ሰገራዬ የተመረመረው አንዴ ብቻ ነበር፣ እሱም ምንም አልተገኘበትም።

አሜባም ጃርዲያም በአገራችን አሉ፤ መመርመሩ ተገቢ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህን ነው፦ የአንጀት ኢንፌክሽን ከያዛቸው ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ገደማ፣ ተሕዋሲው ከጠፋ በኋላም አይቢኤስ ይተርፈዋል። ጠላት ሄዷል፤ አንጀቱ ግን ገና እንደተቆጣ ነው። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱን መደጋገም ሌላ የሚገድለው ስለሌለ የሚጎዳው በአንጀታችን የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው።

የማስጠንቀቂያ ምልክትን "የለመድኩት ሆዴ ነው" ብሎ ማለፍ

ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ሳይፈልጉት ክብደት ከቀነሱ፣ ሕመሙ ወይም ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም የደም ማነስ ካለ፣ ችግሩ የጀመረው ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ ከሆነ፣ በቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ካለ፣ ምግብ መቀያየሩን ይተዉትና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ክሮንስ እና አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የሚባሉት አንጀትን የሚያቆስሉ በሽታዎች አጀማመራቸው አይቢኤስ ሊመስል ይችላል፤ እነሱን ግን ሽንኩርት በመተው ማዳን አይቻልም።

በርበሬውን ከስሶ ቁሌቱን መርሳት

በዚህኛው ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ዓመት ያባከንኩት እዚህ ነው።

ቤተሰቡም ጎረቤቱም የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር "በርበሬ ተዪ" ነው። ተውኩ። ዓመት ሙሉ አልጫ በላሁ። እማዬ ለኔ ብላ ትንሽ ድስት ለብቻዋ ትጥድ ነበር፤ የክክ አልጫ፣ የምስር አልጫ፣ የጥቅል ጎመንና ድንች። ሆዴ ግን ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። አንድ ቀን ከጎኗ ቆሜ ድስቱ ውስጥ የሚገባውን ስቆጥር ገባኝ፦ አራት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ግማሽ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ከላይ ክኩ። በርበሬው ወጥቷል፣ ቁሌቱ እንዳለ ነው።

ቀይም ነጭም ሽንኩርት ፍሩክታን የሚባል የስኳር ሰንሰለት አላቸው። ይህን ሰንሰለት የሚበጥስ ኢንዛይም የታመመም የዳነም፣ ማንም ሰው የለውም። ስለዚህ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዝ ይፈጠራል። ሌላው ሰው ጋዙን ልብ ሳይለው ያልፋል። የኛ አንጀት ግን ያንኑ ጋዝ እንደ ቁርጠት ይሰማዋል። በምስር፣ በሽምብራ፣ በባቄላና በአተር ውስጥ ያለው ስኳርም የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። በሜልበርን የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህን ከወተት ስኳር ከላክቶስ፣ ከግሉኮስ በላይ ከሆነ የፍራፍሬና የማር ስኳር (ትርፍ ፍሩክቶስ)ና ማስቲካ ውስጥ ከሚገቡ እንደ ሶርቢቶል ካሉ ማጣፈጫዎች ጋር ደምረው ፎድማፕ የሚል የወል ስም ሰጥተዋቸዋል።

በርበሬ ንጹሕ ነው አልልም። ማቃጠሉ ራሱ የሚያሳምማቸው ሰዎች አሉ፤ ደግሞም የተዘጋጀው በርበሬያችን ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ይገባል። እኔን የሚቆጨኝ በርበሬው ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲከሰስ ሽንኩርቱን የጠየቀው አለመኖሩ ነው።

ከዚህ የምትወለድ ሌላ ስህተት አለች። ዶሮ ወጥ ሲቀርብ ሽንኩርቱን ወደ ትሪው ጠርዝ እየገፋሁ መረቁን በእንጀራ አጠቅስ ነበር። ፍሩክታን ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ሲንተከተክ የቆየ ሽንኩርት ቢለቀምም ያለውን ለመረቁ ሰጥቶ ነው። ዘይት ውስጥ ግን አይሟሟም። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱን ሰንጥቀው ውሃ በሌለበት ዘይት፣ በለዘብተኛ እሳት ያቁላሉት፤ መዓዛውን ሲሰጥ አንድም ሳያስቀሩ ያውጡትና በዘይቱ ብቻ ይሥሩ። ዘይቱን በዚያው ቀን ይጨርሱት፤ ከፍሪጅ ውጭ የቆየ የነጭ ሽንኩርት ዘይት ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። በቀይ ሽንኩርቱ ቦታ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠል፣ ነጩ ሳይሆን አረንጓዴው ብቻ፣ በደቃቁ ተከትፎ ከተፈገፈገ ካሮት ጋር ይቁላላ። ወጡ እንደ ድሮው አይወፍርም፤ ሽታው ግን የወጥ ሽታ ነው።

ጥራጥሬውንም ቢሆን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ቀቅሎ እንደገና መድፋት ይቀንሰዋል። ሽሮ ላይ ይህ አይሠራም። የዱቄቱ ውኃ አይደፋም፤ ሽንኩርቱም አብሮ ተፈጭቷል። ሽሮ የምትወዱ፣ እኔም እወዳለሁ፣ ጥያቄው "ልብላ ወይስ አልብላ" ሳይሆን "ስንት ጭልፋ" መሆን አለበት።

መጨረሻ የበሉትን መወንጀል

አራት ሰዓት ላይ ሻይ በዳቦ በላን፣ ወዲያው ሆዳችን ተነፋ፣ ዳቦው ተፈረደበት። ምግብ ትልቁ አንጀት ለመድረስ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ጠዋት ያሳመመን የማታው ሽሮ ሊሆን ይችላል። በላያችን ላይ የሚደራረብም ነው፤ ቁርስ ላይ ያለው ጥቂቱ፣ ምሳ ላይ ያለው ጥቂቱ ተጠራቅሞ እራት ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ደብተር ይያዙ፦ ምን በላሁ፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት፣ ሆዴ መቼ ምን ሆነ። እንቅልፍና ጭንቀትም ይጻፍ፤ አንጀትና አንጎል በነርቭ የተያያዙ ናቸው፣ ፈተና ወይም ለቅሶ ያለበት ሳምንት የምግቡን ውጤት ያዛባል። ከጋራ ትሪ ሲበሉ መጠኑን ማወቅ ከባድ ነው። እኔ የሙከራ ሳምንት ሲሆን ድርሻዬን መጀመሪያ ለብቻ አወጣለሁ፤ ጉርሻ ሲመጣም "ዛሬ መድኃኒት ላይ ነኝ" እላለሁ። ያከበረኝን ሰው ሳላስቀይም የምመልስበት ሌላ ቃል እስካሁን አላገኘሁም።

ፋሲካን መሞከሪያ ማድረግ

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ይህን ሁሉ ቀን በምስርና በሽሮ ቆይተን በአንዲት ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እርጎና ጠላ በላዩ ላይ እናደርጋለን፤ ሆዳችን ሲታወክ "ቅቤ አይስማማኝም" ብለን እንደመድማለን። ከአምስት ነገር የትኛው እንደሆነ በምን ታወቀ? ሲሞክሩ አንድ ነገር ብቻ፣ በተለመደ ቀን፣ በተለመደ መጠን ይሁን። ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆድ ቆይቶ አንዴ ብዙ መብላትም ብቻውን አንጀትን ያነሣሣል። የታመመ ሰው ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመካከር ነውር የለበትም፤ በእስልምናም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ።

ወተትን በጅምላ መተው፣ ማርን በጅምላ ማመን

ብዙው የዓለም አዋቂ ሰው ላክቶስ የመፍጨት ዐቅሙ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ከነዚህም አብዛኞቹ በአንዴ 12 ግራም ያህል ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ኩባያ ወተት፣ ያለ ብዙ ችግር ይችላሉ። የላም ወተት ትቶ ወደ ፍየል ወይም ግመል ወተት መዞር መፍትሔ አይሆንም፤ ሁሉም ላክቶስ አላቸው። አይብ ግን አጓቱ ተጠልሎ ስለሚወጣ ላክቶሱም አብሮ ይቀንሳል፤ ቅቤ ውስጥ ያለው ከቁጥር አይገባም። ወተት ሲጠጡ ከንፈር የሚያብጥ፣ ሰውነት የሚያሳክክ ወይም ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ አለርጂ ነው፣ ጥቂትም አይሞከርም።

ማር በባዶ ሆድ ለስንቱ እንደሚታዘዝ ታውቃላችሁ። ማር ውስጥ ፍሩክቶሱ ከግሉኮሱ ይበልጣል፤ ለኛ ዓይነቱ አንጀት በማንኪያ የሚሰጥ ጋዝ ነው። ማንጎም እንዲሁ። ስፕሪስ ሲጠጡ ተቀምጠው የማይበሉትን ያህል ፍሬ በአንድ ብርጭቆ ጨረሱ ማለት ነው። ፓፓያና ብርቱካን ይሻላሉ።

ሳይመረመሩ ስንዴ ማቆም

ሴሊያክ በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን በሚባል ፕሮቲን ምክንያት ሰውነት የገዛ አንጀቱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። የደም ምርመራው የሚፈልገው ግሉተን ሲበላ የሚፈጠሩ ፀረ እንግዳ አካላትን ስለሆነ፣ ስንዴ ካቆሙ በኋላ ቢመረመሩ በሽታው እያለ "የለም" ሊል ይችላል። ከምርመራው በፊት ለስድስት ሳምንት ያህል በየቀኑ ስንዴ መብላት ያስፈልጋል። እኔ ይህን የሰማሁት ካቆምኩ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ለምርመራው ብዬ እንደገና ጀምሬ ያየሁትን ስቃይ ለማንም አልመኝም።

ሴሊያክ የሌለበት ሰው ደግሞ ጠላቱ ግሉተን ላይሆን ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የኖርዌይ ጥናት ላይ ሴሊያክ ሳይኖርባቸው ግሉተን የተዉ 59 ሰዎች፣ ግሉተን ያለበት፣ ፍሩክታን ያለበትና ሁለቱም የሌሉበት ምግብ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ በየተራ ለሰባት ሰባት ቀን በሉ። ሆዳቸውን ይበልጥ ያወከው ፍሩክታኑ ነበር። እንደገና ወደ ሽንኩርታችን ተመለስን ማለት ነው፤ ስንዴም ፍሩክታን አለው።

ጤፍ ግሉተን የለውም፤ የተገዛ እንጀራ ግን ሁልጊዜ ጤፍ ብቻ አይደለም። በተለይ አሜሪካና አውሮፓ የሚሸጠው የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ብዙ ጊዜ ይቀላቀልበታል። ሴሊያክ ያለበት ሰው ጋጋሪዋን ፊት ለፊት መጠየቅ አለበት።

በውጭ ያላችሁ፣ ደም በፖስታ ልካችሁ "የማይስማሙህ 40 ምግቦች" የሚል ወረቀት የሚመጣላችሁ አይጂጂ የሚባል የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። እሱ የሚያሳየው ሰውነት ያንን ምግብ እንደሚያውቀው ነው፤ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ለዚህ ጉዳይ እንዳይውል ይመክራሉ።

ፉርሽካን ከተልባ ጋር ማምታታት

"ፋይበር አብዢ" ሲሉኝ የስንዴ ፉርሽካ ጀመርኩ፤ ባሰብኝ። አሸዋ የዋጥኩ ያህል ነበር። ውሃ ይዞ የሚዝለገለገው ዓይነት ይሻላል፦ አጃ፣ ተልባ። ተልባ በቀን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ሳይበልጥ፣ ከብዙ ውሃ ጋር፣ ማር ሳይገባበት።

የተዉትን አለመመለስ

በመጨረሻ የሠራሁት፣ ከሁሉም በላይ የጎዳኝ ስህተት ይህ ነው። የፎድማፕ አመጋገብ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው፣ ሁሉንም የሚቀንሱበት፣ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ መመለስ፣ ከዚያ በሚስማማው መጠን መኖር። እኔ ሆዴ ስለተሻለው ፈርቼ የመጀመሪያው ላይ አራት ዓመት ቀረሁ። ከሰው ጋር መብላት ተውኩ፣ ስምንት ኪሎ ቀነስኩ። ለረጅም ጊዜ ሲቀጥል በአንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ያስርባል። ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ክብደታቸው ያነሰና ከምግብ ጋር የተጣሉ (የአመጋገብ መታወክ ያለባቸው) ሰዎች ያለ ባለሙያ ጨርሶ ሊጀምሩት አይገባም።

ምስርን ስመልስ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ቀን ተዘፍዝፎ የተቀቀለ፣ ውሃው የተደፋ ምስር ሁለት የሾርባ ማንኪያ፤ ምንም። ሁለተኛ ቀን ሩብ ኩባያ፤ ትንሽ ጋዝ፣ ቁርጠት የለም። ሦስተኛ ቀን ግማሽ ኩባያ፤ ማታ ቀሚሴ አልዘጋ አለኝ። ሦስት ቀን አረፍኩ። ደብተሬ ላይ "ምስር፦ ሩብ ኩባያ" ብዬ ጻፍኩና ወደ ወተት ሄድኩ፤ አንድ ስኒ ማኪያቶ ያለ ችግር አለፈ። ቀይ ሽንኩርት አንድ የሾርባ ማንኪያ የበሰለ ይበቃኛል። ነጭ ሽንኩርት ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴም ወድቋል፤ አንጀት በጊዜ ስለሚለዋወጥ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና እሞክረዋለሁ።