በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ከተኩስ በኋላ እንዴት ይታጠባል?

በ1822 እ.ኤ.አ. ዊሊያም አሽሊ የተባለ ሰው ወደ ሚዙሪ ወንዝ ምንጭ የሚዘምቱ አንድ መቶ ወጣቶች እንደሚፈልግ በአሜሪካዋ የሴንት ሉዊስ ከተማ ጋዜጣ አስነገረ። በዚያ ዘመን ወደ ሮኪ ተራሮች ከዘለቁት መካከል ጂም ብሪጀር፣ ጄዴዳያ ስሚዝ እና በባርነት የተወለደው ጥቁር አሜሪካዊ ጄምስ ቤክወርዝ ይገኙበታል። ሥራቸው ጸጉሩ ለባርኔጣ የሚፈለገውን ቢቨር የተባለ የወንዝ እንስሳ አጥምዶ ቆዳውን መግፈፍ ነበር። ከ1825 እስከ 1840 በየበጋው ከሚቆመው ገበያ በቀር ባሩድና እርሳስ የሚሸምቱበት ቦታ እምብዛም አልነበራቸውም፤ የጠመንጃ ሠሪ ደጅ ለመድረስ ደግሞ የሳምንታት መንገድ ይጠብቃቸው ነበር። ጠመንጃው የዛገበት ሰው ምግቡንም መከላከያውንም አጣ ማለት ነው። የእነዚህን ሰዎች ቅርስ እንወዳለን የምንል ሁሉ ከተኩሱ ይልቅ ከእጥበቱ ልንጀምር ይገባል የምለው ለዚህ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ምሳሌ የሆከን ዓይነት ጠመንጃ ነው። ጄኮብና ሳሙኤል ሆከን የተባሉ ወንድማማቾች በሴንት ሉዊስ ይሠሩት የነበረው ይህ መሣሪያ ስምንት ማዕዘን ያለው ወፍራም በርሜል ሲኖረው፣ የበርሜሉ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የብሪጀር የራሱ ሆከን ዛሬ በሞንታና ግዛት በሄለና ከተማ ተጠብቆ ይገኛል። ባሩዱና በጨርቅ የተጠቀለለው እርሳስ በአፈሙዙ ገብተው በዘንግ ይጠቀጠቃሉ፤ መዶሻው ሲመታ የሚፈነዳ ቅመም የያዘችውን ትንሿን የመዳብ ቆብ ሲመታ እሳቱ በቀጭን ቀዳዳ ዘልቆ ባሩዱን ያቀጣጥላል። በ1868 መቅደላ ላይ ስናይደር የተባለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ የታጠቀውን የእንግሊዝ ጦር የገጠሙት የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ይዘዋቸው ከነበሩት ጠመንጃዎች ብዙዎቹ በአፈሙዝ የሚጎርሱ ስለነበሩ፣ አጎራረሱ ለእኛም ታሪክ እንግዳ አይደለም።

ጥቁር ባሩድ የሚሠራው ከፖታሲየም ናይትሬት፣ ከከሰልና ከድኝ ነው። ሲነድ ከክብደቱ ግማሽ የሚበልጠው ጢስና ጥላሸት፣ ማለትም ጠጣር ሆኖ ይቀራል። በበርሜሉ ውስጥ የሚቀረው ጨው አዘል ጥላሸት የአየሩን እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላል፤ ስለዚህ እጥበቱ ለማግስቱ አያድርም።

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙረው ቆቡን ያውልቁ። ከዚያም ዘንጉን እስከ መጨረሻው አስገብተው ባዶ ሳለ ካደረጉበት ምልክት ጋር ያስተያዩት። ምልክቱ ከአፈሙዙ በላይ ቀርቶ ከታየ ውስጡ ጉርሻ ስላለ፣ ሥራውን አቁመው ልምድ ያለው ሰው ይጥሩ።

ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ መዶሻውን በግማሽ ስበው፣ በርሜሉን ከእንጨቱ ጋር የያዙትን ሽብልቆች በቀስታ ገፍተው ያውጡ። የበርሜሉ መጨረሻ መንጠቆ ስለሆነ፣ አፈሙዙን ቀና ሲያደርጉት በርሜሉ በራሱ ይላቀቃል። ቆቡ የሚቀመጥባትን ትንሽ ጉጥ በመፍቻዋ ፈትተው በሳሙና ውሃ ይዘፍዝፏት።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል። ባልዲ ውስጥ ሙቅ ውሃ ከጥቂት የዕቃ ሳሙና ጋር ያድርጉና የበርሜሉን የኋላ ጫፍ ይንከሩት። በመወልወያው ጫፍ ላይ ጠበቅ ያለ እርጥብ ጨርቅ አድርገው ወደ ላይና ወደ ታች ሲስቡ፣ በርሜሉ እንደ መርፌ ሲሪንጅ ውሃውን በጉጧ ቀዳዳ እየማገ መልሶ ይተፋዋል። ውሃው ወዲያው ከሰል ይመስላል፤ የገማ እንቁላል የሚመስለው ሽታም ከድኙ የሚመጣ ስለሆነ አያስደንግጥዎ። የዘመኑን ጠመንጃ የለመዱ ሰዎች በዘይት ብቻ ለመወልወል ይሞክራሉ፤ ጨዉን የሚያሟሟው ግን ውሃ እንጂ ዘይት አይደለም። ውሃውን እየቀየሩ ጨርቁ ጥቁር መያዙን እስኪተው ድረስ ይቀጥሉ።

የመጨረሻው ማለቅለቂያ እጅ የማያስነካ ትኩስ ንጹሕ ውሃ ይሁን፤ በርሜሉን በወፍራም ጨርቅ ይያዙት። ብረቱ በሚገባ ከጋለ የቀረውን እርጥበት ራሱ ያተነዋል። ከዚያ በኋላም ደረቅ ጨርቅ ደጋግመው ያስገቡ።

በርሜሉ ገና ለብ እንዳለ ይቀቡት። እነዚያ ተራራ ወጪ የቢቨር አጥማጆች የድብ ስብን ጨምሮ ያገኙትን የእንስሳ ስብ ይጠቀሙ ነበር፤ ዛሬ ሰምና ጨው የሌለው ሞራ አብሮ ማቅለጥ ይቻላል። የነዳጅ ዘር የሆነ ዘይት ዝገትን ቢከላከልም ከጥቁር ባሩድ ጋር ሲነድ እንደ ሬንጅ ይጋግራል፤ ስለዚህ ከሚቀጥለው ተኩስ በፊት ተጠርጎ መውጣት አለበት።

እንጨቱ ውሃ አይወድም። በእርጥብ ጨርቅ አብሰው ካደረቁት በኋላ ስስ የተልባ ዘይት ይበቃዋል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ሲቀመጥ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ስለሚችል፣ ደጅ ዘርግተው ያድርቁት።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያበቃሉ፤ እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ አብቅቼ ነበር። ከሳምንት በኋላ ነጭ ጨርቅ ባስገባ የሸክላ ቀለም ይዞ ወጣ፤ በርሜሉ ሥር፣ ባሩዱ በሚያርፍበት ቦታ፣ የቀረች ጥቂት እርጥበት ብረቱን መብላት ጀምራ ነበር። ያን ጠባሳ ዛሬም በባትሪ ሳየው ይቆጨኛል። ስለዚህ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነጭ ጨርቅ ያስገቡ፤ ቀይ ወይም ቡኒ ነገር ከያዘ እንደገና ጠርገው ይቀቡ።

የደረቀችውን ጉጥና በርሜሉን ወደ ቦታቸው ከመለሱ በኋላ ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡት፤ ዘይቱ ወደ ኋላ ወርዶ የእሳቱን መንገድ እንዳይደፍን ነው። ባሩዱ በሌላ ቦታ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ ይህን መሣሪያ በአብዛኛው እንደ ጥንታዊ ዕቃ ቢያየውም የየግዛቱ ሕግ ስለሚለያይ አስቀድመው ይጠይቁ።

በሚቀጥለው የተኩስ ቀን፣ ባሩድ ከማጉረስዎ በፊት፣ በተኩስ ሜዳው ላይ ዘይቱን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከዚያም ቆብ ብቻ አድርገው አፈሙዙን ወደ አንዲት የሣር ዘለላ አስጠግተው ምላጩን ይሳቡ። ሣሯ ከተወዛወዘች የእሳቱ መንገድ ክፍት ነው።