ጅቡቲ ውስጥ ወዳለችው ታጁራ ለመሄድ ካሰባችሁ መጀመሪያ ወሩን ምረጡ
ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ባሕር ካማራችሁ መንገዱ ከደጃችን ነው የሚነሳው፤ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ጋላፊ ድንበር ያደርሳል። ዋናው ነገር ግን ወሩ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ የደሴን ብርድ ለለመደ ሰው አይሞከርም! ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ። ታጁራን እንዳትዘሏት፤ ነጫጭ ቤቶችና የቆዩ መስጊዶች ያሏት ጥንታዊ የአፋር ወደብ ናት፣ ከጅቡቲ ከተማ በጀልባም ይኬዳል። ምግብ ከሆነ የየመን አሠራር ዓሣውን ብሉ፦ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ቅመም ተቀብቶ፣ ጉድጓድ በሚመስል የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይጠበስና ከትኩስ ሰፊ ቂጣ ጋር ይመጣል፣ በእጅ እየቆረሱ ነው። በረመዳን አብዛኛው ምግብ ቤት ቀን ስለሚዘጋ ቀኑን ቀድማችሁ እዩ።