ቁልፉ አልገባ ሲል፣ ፍንጭት ሲመጣ፦ የላንቃ ማስፊያ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የልጄን ላንቃ ያሰፋሁት እኔ ነኝ ስል ሰው ይስቃል። ብረቱን የገጠመላት ሐኪም ነው። ቁልፉን በየማታው ያዞርኩት ግን እኔ ነኝ፤ ደሴ፣ ሳሎናችን ውስጥ፣ በስልክ መብራት። ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። ሐኪሟ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ። አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር አውቶቡስ መሳፈር አይቻልም። ስለዚህ ቤት የሚፈታውን፣ በስልክ የሚፈታውንና «አሁኑኑ ተነሱ» የሚያሰኘውን መለየት ነበረብኝ። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ሐኪሟ ያስተማረኝንና በእጄ የሠራሁትን ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን በአጭሩ። ላንቃ አንድ አጥንት ይመስላል እንጂ መሃል ላይ የተጋጠሙ ሁለት ናቸው። መጋጠሚያው በልጅነት ገና አልጠነከረም። መሣሪያው በላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ላይ በቀለበት ይታሰራል፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ብሎን አለ። ቁልፉ፣ ማለትም ብሎኑ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ትንሽ የሽቦ ዘንግ፣ አንዴ ሲገፋ ብሎኑ ሩብ ዙር ይዞራል። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ይህ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛ ትእዛዝ በቀን አንዴ፣ በጠቅላላው 28 ጊዜ ነበር። 7 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የእናንተን ቁጥር የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው፤ የእኔን እንዳትገለብጡ።

ግራ ሲገባችሁ የሚሠራው ነገር አንድ ነው። ማዞር አቁሙ። ወደ ኋላ አትመልሱ። ፎቶ አንሡ። ደውሉ። አንድ ማታ መዝለል የሚያበላሸው ነገር የለም። ደንግጦ መነካካት ግን ያበላሻል።

«አባዬ፣ ቁልፉ አልገባም»

አምስተኛው ማታ ላይ ነው። ልጅቷ ሶፋው ላይ በጀርባዋ ተኝታለች፣ አፏን ከፍታለች። ቀዳዳው የለም። ትናንት የነበረበት ቦታ ላይ ለስላሳ ብረት ብቻ ነው ያለው። ላብ አጠመቀኝ። ደሴ ላይ በማታ ብርድ ማላብ ቀላል አይደለም።

ምክንያቱ የትናንቱ ዙር ስላላለቀ ነው። ብሎኑ ላይ በዙሪያው አራት ቀዳዳዎች አሉ። ቁልፉን ከፊት በኩል ታስገባላችሁ፣ ወደ ጉሮሮ አቅጣጫ ትገፋላችሁ። እስከ መጨረሻው ከገፋችሁ ቀጣዩ ቀዳዳ ከፊት ብቅ ይላል። ልጅቷ «አመመኝ» ስትል ግማሽ መንገድ ላይ ካቆማችሁ ግን ቀዳዳው ተደብቆ ይቀራል።

ሌላም ስህተት አለ፤ የእኔም ይኸው ነበር። በደንብ ገፍቼ ስጨርስ ቁልፉን ወደ ፊት፣ ወደ ራሴ እስበዋለሁ። ያን ጊዜ ብሎኑም አብሮ ይመለሳል። የገፋሁትን መልሼ ወሰድኩት ማለት ነው! ቁልፍ የሚወጣው ወደ ታች፣ ወደ ምላስ በኩል፣ ትንሽ ወደ ኋላ እየተደረገ ነው። ወደ ፊት በፍጹም አይሳብም።

መፍትሄው ቀላል ነው። አንገቷ ሥር ትራስ አድርጉ፣ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ይዘንበል። መብራት የሚይዝ ሌላ ሰው ይኑር። በከፊል የሚታየውን ቀዳዳ ፈልጉና ቁልፉን እዚያው አስገብታችሁ ዙሩን እስኪቆም ጨርሱት። አዲሱ ቀዳዳ ከፊት ሲታይ ያ የትናንቱ ዙር ነው፤ የዛሬው ገና ነው። የዛሬውን ወዲያው ልጨምር ወይስ ለነገ ላቆየው ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ቀዳዳው ጨርሶ ካልተገኘ በመርፌ፣ በወረቀት መያዣ ሽቦ ምናምን መጎርጎር የለም። ደውሉ።

ቁልፉ ላይ ደግሞ ክር እሰሩና ጫፉን ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት። ክሩ ከወፈረ ቀጭን ይሁን እንጂ አይቅር። ቁልፉ አምልጦ ጉሮሮ ውስጥ ከገባ ጨዋታው ሌላ ነው። ልጅ ካሳላት፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም መዋጥ ካቃታት አቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው። ምንም ምልክት ባይኖርም ቁልፍ የዋጠ ልጅ መታየት አለበት።

የፊት ጥርሶቿ መሃል ክፍተት መጣ

ይህን «ችግር» ብዬ መጻፌ ራሱ ያስቀኛል። ሌሎች ወላጆች የሚደውሉልኝ ግን ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። «ልጁን አበላሹት!»

ምክንያቱ መሣሪያው መሥራቱ ነው። የላንቃው መጋጠሚያ ሲከፈት ሁለቱ የፊት ጥርሶች አብረው ይለያያሉ። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ወይም በሁለተኛው ላይ ይታያል። ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1860 ኤመርሰን ኤንጀል የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም የአንዲት ልጃገረድን ላንቃ በብሎን አሰፋሁ ብሎ ሲጽፍ ባልደረቦቹ አላመኑትም። ኤክስሬይ የተገኘው በ1895 ነው፤ አጥንቱ መከፈቱን የሚያሳይበት መንገድ አልነበረውም። በእጁ የነበረው ማስረጃ ይኸው ፍንጭት ነው።

መፍትሄ? ምንም። ማዞሩ ሲያበቃ በድድ ውስጥ ያሉት ጅማቶች ጥርሶቹን መልሰው ይስቧቸዋል። በሳምንታትና በወራት ውስጥ በአብዛኛው ራሱ ይጠባል፤ የቀረውን ብሬስ (ጥርስ የሚያስተካክለው ሽቦ) ይጨርሰዋል። በላስቲክ አስራችሁ ለማቀራረብ እንዳትሞክሩ። ላስቲክ ወደ ድድ ሥር ሾልኮ ገብቶ ጥርስ ያስነቅላል።

እኛ ቤት ያስቸገረው ተቃራኒው ነው። አያቷ፣ ድዳቸውን የተነቀሱ የድሮ ወሎዬ፣ ፍንጭቱን ሲያዩ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «ያረቢ! ምን አማራት! በቃ እንዲህ ተዋት፣ ምን አስጨነቀህ?» ልጅቷም መስታወት ፊት መቆም አበዛች። «አባዬ፣ እንዳይዘጋ ማድረግ አይቻልም?» ለሐኪሙ ጥያቄዋን አቀረብኩለት። ሳቀና «መጨረሻ ላይ ትንሽ ልናስቀርላት እንችላለን» አለ። ፍንጭት የሚወድ ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ቢናገር ጥሩ ነው።

ፍንጭቱ አልመጣም

ይሄኛው ነው እንጂ የሚያሳስበው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ እያዞራችሁ ሁለት ሳምንት ሞልቶ ምንም ክፍተት ከሌለ ደውሉ። ሐኪሙ በዝግታ እንድታዞሩ፣ ለምሳሌ በሳምንት ሁለቴ ብቻ፣ ካዘዘ ግን ፍንጭቱ ትንሽ ሊሆን ወይም ላይታይ ይችላል። ያ ችግር አይደለም።

ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው ከላይ ያልኩት የቁልፍ ስህተት ነው፤ እየገፉ መመለስ። ሁለተኛው ከቀለበቶቹ አንዱ መላቀቁ ነው። ሦስተኛው ዕድሜ ነው። መጋጠሚያው ከዓመት ዓመት ይጠነክራል። ሴቶች ቀድመው ስለሚጎረምሱ በ15 እና በ16 ዓመታቸው ሊያስቸግር ይችላል፤ ወንዶች ትንሽ ጊዜ አላቸው። ከልጅ ልጅም በጣም ይለያያል። መጋጠሚያው እምቢ ካለ ኃይሉ አጥንቱን ትቶ ጥርሶቹን ወደ ጉንጭ ያጋድላል። ከውጭ ሲያዩት የሰፋ ይመስላል፤ አጥንቱ ግን እዚያው ነው።

ስለዚህ ፍንጭት ካልመጣና ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ «ትንሽ ጠንከር አድርጌ ልግፋ» አይባልም። ማዞሩ ይቁምና ልጁ ይታይ፣ ኤክስሬይ ይነሣ። ለተለቅ ያሉት ልጆች መሣሪያውን ጥርስ ላይ ብቻ ሳይሆን ላንቃው አጥንት ላይም በትንንሽ ብሎኖች የሚያስሩበት መንገድ አለ። አጥንቱ ፈጽሞ ለገጠመ አዋቂ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ይታከልበታል። «ሲያድግ እናሠራዋለን» የሚሉ ወላጆች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። የላንቃ ነገር እንደ ሠርግ ልብስ ሲያድጉ የሚሰፋ አይደለም።

አፍንጫዋ ሥርና ዓይኗ መሃል ይጫናታል፤ ራሷን ያማታል

ቁልፉ ሲዞር ግፊቱ እስከ አፍንጫ ድረስ ይሰማል፣ አጥንቶቹ ጎረቤት ናቸውና። ከጥቂት ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይለቃል። የመጀመሪያ ቀናት ለኪሎዋ የሚመጥን ፓራሲታሞል ከማዞሩ ግማሽ ሰዓት በፊት ይበቃል። እኔ ከእራት በኋላ ማዞር መረጥኩ፣ ሳይቆይ እንቅልፍ ይወስዳታል። በረመዳን የሚጾም ልጅም ካፈጠረ በኋላ ቢሆን ይቀለዋል። አልጋው ላይ ሁሌ «አብሽሪ፣ አለቀ» እላት ነበር። ገና ሳልጀምር ሁሉ።

ቅርንፉድ ላንቃ ላይ አታድርጉ። ያቃጥላል፣ ቁስል ላይ ቁስል ነው። ሕመሙ በማግሥቱም ካልለቀቀ፣ በአንድ በኩል ብቻ ስል ሆኖ ከወጋ ወይም ፊት ካበጠ ግን ማዞሩ ይቁምና ሐኪም ይየው። እብጠቱ ከትኩሳት ጋር ከመጣ እስከ ነገ አይጠበቅም።

ንግግሯ ተኮላተፈ፣ ምራቋ በዛ

ምላስ የለመደችው ቤት ውስጥ ብረት ተገትሯል፤ ምን ታድርግ። «ሰ»፣ «ተ» እና «ጸ» ይበላሻሉ። አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ያፋጥነዋል። ቁርአን የሚቀራ ወይም ዳዊት የሚደግም ልጅ ካለ መድኃኒቱን በነፃ ቤቱ አገኘ። ምላስ ላይ የብረቱ ቅርጽ መታተሙም ያው ነው፤ ካልቆሰለ አይነካም።

አፏ ይሸታል፣ ላንቃዋ ቀልቷል

ምግብ ነው። እንጀራ ከብረቱና ከላንቃው መሃል ሾልኮ ይገባና እዚያው ይቀራል። ፋርማሲ ሄዳችሁ መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ግዙ። ለብ ያለ ውሃ ሞልታችሁ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ከብረቱ ሥር መርጨት ነው። እኛ ቤት ከዚህ የተሻለ ነገር አልተገኘም። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ። የወይራ መፋቂያ ለፊት ጥርስ ይሁን፤ ብረቱ ሥር አይደርስም፣ ጭራሹን ሽቦ ያጣምማል። ድዱ ከቀላ ጨው የገባበት ለብ ያለ ውሃ በቀን ሦስት ጊዜ ይጉመጥመጡ። ብረቱ ሥጋው ውስጥ የተቀበረ ከመሰላችሁ ወይም መግል ካያችሁ ግን ውሃና ጨው አይበቃም።

ገንፎ፣ አጥሚት፣ ሽሮ፣ ፍርፍር ምንም አይሉም። የሐይቅ ዓሣም እሾኹ ተለቅሞ ይበላል። ክልክሉ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ ማስቲካና ከረሜላ ነው። ቡና በተፈላ ቁጥር ቆሎ በሚቀርብበት ቤት ይህን ማስከበር ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ብረቱ ይነቃነቃል

ቀለበቱን የያዘው ማጣበቂያ ለቅቋል። ብዙ ጊዜ ከረሜላ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሲለጠፍ ጥርሱ በደንብ ስላልደረቀ ነው። በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ነካ አድርጉት። በአንድ በኩል ከፍ ዝቅ ካለ ማዞሩ ወዲያው ይቁም። ሱፐር ግሉ የሚያስብ ሰው አይጠፋም፤ አፍ ውስጥ አይገባም። ነቅላችሁ ለማውጣትም አትታገሉ። ቀኑን ሳትቆጥሩ ሐኪም ዘንድ ድረሱ፣ የተከፈተው አጥንት ያለ መሣሪያ መመለስ ይጀምራልና። ራሱ ከወለቀ እጠቡትና ክዳን ባለው ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። መሣሪያውን ያልገጠመ የቅርብ የጥርስ ሐኪምም ቢሆን ለጊዜው መልሶ ሊለጥፈው ይችላል። አዲስ አበባ ደውላችሁ ሁለቱን ሐኪሞች በስልክ አገናኟቸው።

አዞርኩ ወይስ አላዞርኩም?

ባለ መስመር ደብተር ላይ 28 ሳጥን ሠርቼ በየማታው ምልክት አደርግ ነበር። አንድ ጊዜ ለለቅሶ ኮምቦልቻ አደርኩና እናቷም እኔም ሌላው አዙሯል ብለን ተውነው። የረሳችሁትን ለማካካስ በአንድ ማታ ሁለቴ አታዙሩ። ካቆማችሁበት ቀጥሉ። የሚከፋው ተቃራኒው ነው። ቀጠሮ ሲራዘም ወይም መንገድ ሲዘጋ «እንግዲህ እስክንሄድ እናዙር» ብሎ ከታዘዘው ቁጥር ማለፍ። የላይኛው ረድፍ ከታችኛው ውጭ ይወጣና መንከስ ይቸግራል። ቁጥሩ ሲሞላ ቀጠሮ ደረሰ አልደረሰ ቁልፉ ይቀመጥ።

ማዞሩ አልቋል፤ ለምን አይወጣም?

ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠይቀው ነው። ተከፍቶ የቆየው መጋጠሚያ አዲስ አጥንት መሙላት አለበት። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። የማውቀው አንድ ወላጅ ልጁ ስላለቀሰበት በሁለተኛው ወር አንድ ቦታ ወስዶ አስወለቀለት፤ ጥርሶቹ ተመልሰው ገቡ፣ ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ገንዘቡም እንደ አዲስ።

ሲወጣ ላንቃው ላይ የብረቱ ማኅተም ይታያል፣ ቀይ ነው፣ ትንሽ ሊደማ ይችላል። በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ንግግርም አንድ ሁለት ቀን እንደገና ይዛባል። ቀጥሎ የሚሰጠው ተነቃይ መያዣ፣ ጥርሶቹ እንዳይመለሱ የሚይዘው፣ ከዚያው ቀን ጀምሮ አፍ ውስጥ መግባት አለበት። ለአንድ ሳምንት ተረስቶ አልገባ ካለ በግድ አትጫኑት፤ ጥርሶቹ ተንቀሳቅሰዋልና ሐኪሙ ያስተካክለው። በፈላ ውሃ አይታጠብ፣ ይጣመማል። ስትበላ ደግሞ በሶፍት ጠቅልላ ገበታው ዳር እንዳታስቀምጠው። የእኛ የመጀመሪያው ከፍርፋሪው ጋር ተጠርጎ የሄደው እንደዚያ ነው።