«ጥርስ ባዳ ነው»፦ የእውነት ፈገግታን ከማስመሰል እንዴት እንለያለን?

ሰውዬው እየሳቀ ነው። እናንተ ግን ሳቁ አልጣማችሁም። ምኑ እንዳልጣማችሁ ብትጠየቁ መልስ የላችሁም። አበው «ጥርስ ባዳ ነው» ብለው ነገሩን ጨርሰውታል፤ ሆድ እያረረም ጥርስ ይስቃል። ዛሬ የማሳያችሁ ጥርሱን ትታችሁ የት የት ማየት እንዳለባችሁ ነው። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልበል፦ ይሄ ውሸታም መያዣ ወጥመድ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

1. ከራሳችሁ ፊት ጀምሩ

ስልካችሁን የሆነ ነገር ላይ አስደግፉና በፊት ካሜራው ቪዲዮ ቅረጹ። መጀመሪያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ለ10 ሰከንድ ያህል ፈገግ በሉ። ካሜራውን ሳታጠፉ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያስቃችሁ ጓደኛ ጋ በሌላ ስልክ ደውሉና ዝም ብላችሁ አውሩ። ትንሽ ቆይታችሁ ካሜራውን ትረሱታላችሁ፣ የምንፈልገውም እሱን ነው። ከዚያ ሁለቱን ፈገግታዎች አቁማችሁ አስተያዩ። በራሳችሁ መጀመር የሚሻለው ያኔ ውስጣችሁ ምን እንደነበር ስለምታውቁ ነው፤ በሰው ፊት ላይ ግን መልሱን ማንም አይነግራችሁም።

2. አፉን በእጃችሁ ሸፍኑና ዓይኑን እዩ

ፈገግ ያለ ሰው ፎቶ ፈልጉና ከአፍንጫ በታች ያለውን በመዳፋችሁ ሸፍኑ። ዓይኑ ብቻውን ይስቃል? በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ማስክ አድርገን ሳለ ባለሱቁ ፈገግ ማለቱን በምን ነበር የምናውቀው? በዚሁ ነው።

ይሄን በደንብ ካጠኑት ሰዎች ቀዳሚው ፈረንሳዊው ሐኪም ጊዮም ዱሼን ነው። ፊቱ ላይ ሕመም ብዙም የማይሰማው አንድ ጥርስ አልባ ሽማግሌ አግኝቶ፣ የፊቱን ጡንቻዎች አንድ በአንድ በኤሌክትሪክ እየነካካ ፎቶ አነሳውና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1862 አሳተመ (ለዛሬ ሰው ፎቶዎቹን ማየቱ ራሱ ይዘገንናል)። ያገኘው ነገር ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከጉንጭ አጥንት ተነስቶ የከንፈርን ጥግ ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ በትእዛዝ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይንን ዙሪያውን የከበበው ጡንቻ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይታዘዝም፣ የሚነሳው ደስታው የእውነት ሲሆን ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ኤክማን በኋላ ላይ ይሄንን ዓይን የሚስቅበትን ፈገግታ «የዱሼን ፈገግታ» ብሎ ሰየመው።

ስለዚህ ዓይን ዳር የሚወጣውን ሽብሽብ ፈልጉ ይባላል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል። አፍን በደንብ ከፍቶ የሚሳቅ የማስመሰል ሳቅም ጉንጭን ወደ ላይ ገፍቶ ያንኑ ሽብሽብ ያወጣል፤ ደግሞም ጥናቶች እንዳሳዩት ብዙ ሰው የዓይኑን ጡንቻም አስመስሎ ማንቀሳቀስ ይችላል። ትልቅ ፈገግታ ሲሆን ከዓይን በታች ሳይሆን ከዓይን በላይ ተመልከቱ፦ በቅንድብና በዓይን ቆብ መሃል ያለው ቆዳ በትንሹ ወረድ ይላል፣ የቅንድቡም ጫፍ አብሮት ዝቅ ይላል። ጉንጭ የቱንም ያህል ቢገፋ ይሄን አያደርገውም። ቦቶክስ (ሽብሽብ ለማጥፋት ጡንቻን የሚያዝል መርፌ) የተወጋ ፊት ላይ ግን አትልፉ፣ ጡንቻው ራሱ ተኝቷል።

ነገሩ በአንጎል ውስጥም ሁለት መንገድ አለው። ስትሮክ የመታው ሰው አንዳንዴ «ፈገግ በል» ሲባል ግማሽ ፊቱ አልታዘዝ ይለዋል፤ ቀልድ ሲነገረው ግን ያው ግማሽ ፊት ከሌላው እኩል ይስቃል። የትእዛዙ ፈገግታ በአንድ መንገድ፣ የስሜቱ ደግሞ በሌላ መንገድ ይመጣል ማለት ነው።

3. ሰዓት ቁጠሩ

እንደኔ እንደኔ ከዓይኑ ይልቅ የሚጠቅማችሁ ይሄ ነው፣ ብዙም ሲወራለት ባይሰማም። የእውነት ፈገግታ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎም ይሄዳል። የማስመሰሉ እንደ መብራት ማብሪያ ቀጭ ብሎ ይበራና ቀጭ ብሎ ይጠፋል። ሰርግ ላይ ፎቶ አንሺውን ሳይሆን የሚነሱትን እዩ፤ ካሜራው ዞር ሲል ያ ሁሉ ፈገግታ በአንድ ጊዜ ድርግም ይላል።

ርዝመቱም ይናገራል። ከውስጥ የመጣ የፊት ስሜት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ እስከ አራት ሰከንድ ያህል ቢቆይ ነው። መደነቅማ ከሁሉም ያጥራል፣ ወዲያው ወደ ሳቅ ወይ ወደ ድንጋጤ ይለወጣል። እና የልደት «ሰርፕራይዝ» አዘጋጅታችሁ ባለልደቷ አፏን ከፍታ አምስት ሰከንድ ከቆየች፣ አንዳችሁ ቀድማችሁ ነግራችኋታል።

ግራና ቀኙንም በዚሁ እግረ መንገድ እዩ፦ የማስመሰል ፈገግታ አንዳንዴ ወደ አንድ ጎን ያደላል። ፊቱ በተፈጥሮው ጠመም ያለ ሰው ስላለ ግን በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

4. ለሐዘን ግንባርን፣ ለንዴት ከንፈርን

እንባ አያታልላችሁ፤ የአዞ እንባ የሚባለው በከንቱ አይደለም። የከንፈርን ጥግ ወደ ታች መጎተት ሕፃንም ይችላል። ያዘነ ሰው ግን የቅንድቦቹ የውስጥ ጫፎች፣ ማለትም ወደ አፍንጫ የሚቀርቡት፣ ወደ ላይ ይነሳሉ፣ ግንባሩ መሃል ላይም ይሸበሸባል። ይሄን በፈቃዱ ማድረግ የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ መስታወት ፊት ቆማችሁ ሞክሩት፣ ሙሉ ቅንድባችሁ ነው የሚነሳው። የካናዳ ተመራማሪዎች «የጠፋብኝን ዘመድ አፋልጉኝ» ብለው በቴሌቪዥን እያለቀሱ የለመኑ ሰዎችን ፊት መርምረው ነበር። ከመሃላቸው በኋላ ላይ ገዳዮቹ ራሳቸው ሆነው የተገኙት ሰዎች የሐዘን ጡንቻዎቻቸው እንደ ሌሎቹ አልሠሩም፤ እንዲያውም የፈገግታ ቁራጭ ያመለጣቸው ነበሩ።

ንዴት ሲደበቅ ደግሞ ከንፈር ይሳሳል፣ ተጣብቆ ቀዩ ክፍል ይጠባል። ባልና ሚስት እንግዳ ፊት ሲነካከሱ ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

ልምምዱ ቀላል ነው። የአማርኛ ተከታታይ ድራማ ከፍታችሁ ድምፁን አጥፉ። ስሜቱን ገምቱና መልሳችሁ በድምፅ እዩት። ጎበዙን ተዋናይ ከደካማው በአንድ ምሽት ትለዩታላችሁ።

5. ሰውየውን በደህና ቀኑ እወቁት

አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው ፊቱ ኮስተር ያለ ነው፣ አንዳንዱ ሲጨንቀው ይስቃል። ስለዚህ የምታነጻጽሩት ከመጽሐፍ ጋር ሳይሆን ከዚያው ሰው የዘወትር ፊት ጋር ነው። ዱባይ ያለች እህታችሁ በቪዲዮ ስትደውል ሁልጊዜ እየተሳሳቀች ከሆነ፣ መሳቋ ምንም አይነግራችሁም። ስለ ሥራዋ ስትጠይቋት ብቻ ሳቁ ዘግይቶ ከመጣ ግን ያንን ያዙት (ኔትወርኩ እንዳልሆነ አረጋግጡ እንጂ)።

ደግሞ የይሉኝታ ፈገግታ አለ። ጠግበው ሳለ ሌላ ጉርሻ የመጣባቸው እንግዳ የሚያሳዩትን ፊት አስቡት። ማስመሰል ነው፣ ግን ክፋት የለበትም፤ ጨዋነት ነው። የውሸት ፈገግታ ባያችሁ ቁጥር ተንኮል አትፈልጉ።

6. ያያችሁትን ጠይቁበት እንጂ አትፍረዱበት

አሁን መጀመሪያ ወዳልኩት ልመለስ። ፊት ስሜት እንዳለ ይነግራችሁ ይሆናል፣ ለምን እንደመጣ ግን አይነግራችሁም። በሐሰት የተጠረጠረ ንጹሕ ሰውም ይፈራል፣ ፍርሃቱ ደግሞ ከጥፋተኛው ፍርሃት ጋር አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ ከ200 በላይ ጥናታዊ ጽሑፎችን ያሰባሰበ ግምገማ ሰው ውሸትን ከእውነት የሚለየው በአማካይ 54 በመቶ ያህል ትክክል እየሆነ እንደሆነ አሳይቷል። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት እምብዛም አይሻልም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በኤርፖርቶች የተጓዦችን ሁኔታና ገጽታ እያዩ ተጠርጣሪ የሚለዩ ሠራተኞች ተሰማርተው ነበር፤ ብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 የመንግሥቱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዘዴው እንደሚሠራ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ገንዘቡ እንዲገደብ መከረ። የሠለጠኑት እዚህ ከደረሱ እኛ በዚህ ጽሑፍ የሰው ትዳር ባናፈርስ ጥሩ ነው።

እና የሆነ ነገር ካያችሁ «ዋሽተሽኛል፣ ዓይንሽ አልሳቀም» አትበሉ። ያያችሁበትን ቦታ ብቻ ጥሩ፦ «ቅድም የቤቱን ነገር ሳነሳ ትንሽ ዝም አልሽ፣ ምነው?» ከዚያ እናንተም ዝም በሉ፤ ዝምታው ከብዷችሁ መልሱን ራሳችሁ አትመልሱላት። ቡና ላይ ከሆናችሁ ደግሞ አትቸኩሉ፣ አቦል ላይ ጠይቃችሁ እስከ በረካ ጊዜ አላችሁ።