በኤፒ ካልኩለስ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

ቅዳሜና እሑድ አሜሪካ ያደጉ የሐበሻ ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ኤፒ ካልኩለስ የሚባለው፣ ሃይስኩል ሆነው የሚወስዱት የኮሌጅ ደረጃ የሒሳብ ፈተና የሚሰጥበት ሜይ ሲቃረብ ሁሉም «ካልኩለስ ከበደኝ» ይሉኛል። ወረቀታቸውን ሳየው ግን ዴሪቬቲቩን (የግራፉን የለውጥ ፍጥነት) ማውጣት ያውቁታል። ነጥቡ የሚፈሰው ሌላ ቦታ ነው።

ዋናው ስህተት ለመልሱ ምክንያት አለመጻፍ ነው። ፍሪ ሪስፖንስ የሚባለው፣ አሠራሩ ተጽፎ የሚመለስበት ክፍል 6 ጥያቄ አለው። እያንዳንዱ 9 ነጥብ ነው፤ በድምሩ የፈተናውን ግማሽ ይይዛል። «ይህ ነጥብ ለምን ማክሲመም (ከአካባቢው ከፍተኛው) ሆነ?» ሲባል «ዴሪቬቲቩ ዜሮ ስለሆነ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የኤክስ ኪዩብን ግራፍ እዩት፤ ዜሮ ላይ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ነው፣ ማክሲመም ግን የለም። ዴሪቬቲቩ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ መቀየሩን ጻፉ። ደግሞ በእንግሊዝኛ «ኢት» (እሱ) እያላችሁ አትጻፉ። ፈንክሽኑም ዴሪቬቲቩም እዚያው ጥያቄ ውስጥ አሉ፤ አራሚው የትኛውን ማለታችሁ እንደሆነ አይገምትላችሁም። በስሙ ጥሩት።

ሌላው መልስ ካላቃለልኩ ብሎ መሟገት ነው። እዚህ ላይ እኛ ወላጆችና አስጠኚዎችም አለንበት፤ አገር ቤት መልሱ እስከ መጨረሻ ካልተቃለለ አስተማሪ አይለቀንም ነበር። እዚህ ግን 6 ሲባዛ በ4 ሲደመር 9 ብላችሁ ብትተዉት ነጥቡን ታገኛላችሁ። ቸኩላችሁ 35 ካላችሁት ግን ሄደ።

ካልኩሌተሩስ? የማዕዘን መለኪያው ከዲግሪ ይልቅ ራዲያን ላይ ይሁን። ሳይን 1 ብላችሁ ሞክሩት፤ 0.841 ካለ ደህና ነው፣ 0.017 ካለ ዲግሪ ላይ ናችሁ። በመሃል ቁጥር አታጠጋጉ፤ መጨረሻ ላይ 3 ዴሲማል ይበቃል።

ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (ዴሪቬቲቭ ያለበት እኩልታ) ሲፈታ የሚጨመረውን ቋሚ ቁጥር፣ «ፕላስ C»ን፣ መርሳት ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያለውን ነጥብ ይዞ ይሄዳል። ባዶ መተውም ኪሳራ ነው፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም።

አጠናን ላይ የማየው ትልቁ ስህተት ዩቲዩብ ላይ ሰው ሲፈታ እያዩ ራስ መነቅነቅ ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ያለፉ ዓመታት የፍሪ ሪስፖንስ ጥያቄዎችን ከነማረሚያ መመሪያቸው በነጻ ያወጣል። አንዱን በ15 ደቂቃ ሥሩና መመሪያውን ይዛችሁ ራሳችሁ አርሙት። አንዱ ተማሪዬ መጀመሪያ ለራሱ 9 ሰጠ። መመሪያውን ከፍተን አብረን ስናርመው 5 ወጣ። ሒሳቡ በሙሉ ልክ ነበር።