ብቻዋን የምትወስን ነርስን እንዴት እናሠልጥን?

በትልቅ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ጥርጣሬ ሲገባት የምትጠይቀው ሰው በቅርብ አላት። ሐኪሙ ከአንድ በር ማዶ ነው፤ ላቦራቶሪው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ፈረቃዋ ሲያልቅ ሌላዋ ትተካታለች። ከዋናው መንገድ ርቃ የምትሠራዋ ግን እኩለ ሌሊት በሯ ሲንኳኳ መርማሪዋም፣ አዋላጇም፣ መድኃኒት ሰጪዋም፣ መኪና ፈላጊዋም ራሷ ናት። አብዛኛው የነርስነት ትምህርት የተዘጋጀው የመጀመሪያዋን ታሳቢ አድርጎ ነው። እኔ ሁለተኛዋን ሳሠለጥን ኖሬአለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ያንኑ ሥራ ለያዛችሁ ነው።

ለሩቅ አካባቢ የሚዘጋጁ ተማሪዎችን ሁሉን ነገር እናስተምራቸው የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ይነሣል። ስብራት ማሰር፣ ጥርስ መንቀል፣ አልትራሳውንድ ማንበብ፤ ሁሉም ይጠቅማል። የሥልጠናው ጊዜ ግን ሁልጊዜ አጭር ስለሆነ ቅድሚያውን የምሰጠው ለውሳኔ ነው፦ ማንን እዚሁ ላክም? ማንን ወደ ሆስፒታል ልላክ? መቼ? ከመላኬ በፊትስ ምን ልስጥ? ከአራቱ አጥብቆ የሚያሳስበኝ «መቼ» የሚለው ነው።

መንገዱን ከበሽተኛዋ ጋር ማየት

ትምህርቱን በመንገድ ጥናት ጀምሩ። እያንዳንዱ ተማሪ ለልምምድ የሚሄድበትን ጤና ጣቢያ ይዞ ያጣራ። ሆስፒታሉ በደረቅ ወቅት ስንት ሰዓት ይርቃል? በዝናብስ? ወንዙ ሲሞላ ሌላ መተላለፊያ አለ? በሌሊት የሚያሽከረክር ማን ነው፣ ነዳጁስ ከየት ይገኛል? ስልክ የሚሠራው የት ሲቆሙ ነው? ሆስፒታሉ ራሱ ደም እና ቀዶ ሐኪም የሚያጣባቸው ቀናት አሉ? መልሱን ከመጽሐፍ አያገኙትም፤ ሾፌሮችን፣ አዋላጆችንና ነዋሪዎችን መጠየቅ አለባቸው። መጠየቁ ራሱ ሥልጠና ነው።

ከዚያ አንዱን ታሪክ በሁለት ርቀት አስወስኑ። ለምሳሌ ባለፈው ወሊዷ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት አሁን የ36 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት፤ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ሆስፒታሉ 20 ደቂቃ ሲርቅ ምጥ ሲጀምራት መሄድ ይበቃት ይሆናል። አምስት ሰዓት ሲርቅ ግን ውሳኔው መሰጠት ያለበት ዛሬ፣ ምጥ ሳይመጣ ነው፤ ሆስፒታሉ አጠገብ ባለ የእናቶች ማቆያ ወይም በዘመድ ቤት ትሰንብት። ብዙ ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ፤ የሪፈር (ወደ ሆስፒታል የመላክ) ውሳኔ ደህና በሆነች ሴት ላይ ሊሰጥ እንደሚችል አስበው አያውቁምና።

ሁለተኛው ታሪክ የስምንት ወር ሕፃን ነው። ያስለዋል፤ ትንፋሹ በደቂቃ 52 ነው፤ ደረቱ ወደ ውስጥ አይሰረጉድም፤ በደንብ ይጠባል። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ስለሆነ (ከ12 እስከ 59 ወር ላለው 40 ነው) የሳንባ ምች ብለን በአፍ የሚወሰድ አሞክሲሲሊን እንሰጠዋለን፤ ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና እናየዋለን። እዚህ ላይ ጥያቄውን ለውጡት፦ የእናቱ ቤት የአንድ ቀን የእግር መንገድ ቢሆንስ? ሌሊት ቢብስበት ማን ያያል? ርቀት ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ብቻ አይለካም፤ ከጤና ጣቢያ ወደ በሽተኛው ቤትም ይለካል። እዚያው መንደር የሚያሳድራቸው ሰው መፈለግ እንደ መድኃኒቱ ሁሉ የሕክምናው ክፍል ይሆናል።

በእነዚህ ልምምዶች ላይ «ሁኔታዋን እከታተላለሁ» የሚል መልስ አልቀበልም። እስከ ስንት ሰዓት? ምን ስታዪ ትልኪያታለሽ? ተማሪዋ ሰዓቱንና ምልክቱን ውይይት ሳይጀመር በወረቀት ትጻፍ። የሚጠብ ሕፃን መጥባት ቢያቆም፣ የዋጠውን ሁሉ ቢያስመልስ፣ ቢያንቀጠቅጠው፣ ቢደክም ወይም ራሱን ቢስት፤ እነዚህ አራቱ ለውይይት የማይቀርቡ መሆናቸውን በቃሏ ታውቅ። ትንፋሽ ሲቆጠርም ሕፃኑ ረጋ ብሎ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠር። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ሲለመድ ስሕተቱም አብሮ ይባዛል።

እጅ የሚማረው

ደም መገመትን በቃል አታስተምሩ። ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ ለክታችሁ 300፣ 500፣ 1000 ሚሊ ሊትር በጨርቅ፣ በፍራሽና በወለል ላይ አፍስሱ፤ ተማሪዎቹ እየዞሩ ግምታቸውን ይጻፉ። በተለይ የፈሰሰው ሲበዛ ግምቱ ከእውነቱ ያንሳል። ይህን በዓይናቸው ያዩ ተማሪዎች ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም በመለኪያ መሰብሰብ ለምን እንደምንጨቀጭቃቸው ይገባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመው ኢ-ሞቲቭ የተባለ ጥናት በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች የተካሄደ ነበር። ደሙን መጠኑ በሚነበብበት ፕላስቲክ መቀበልና ሕክምናዎቹን በአንድ ጊዜ መጀመር ከባዱን የደም መፍሰስና ተከታይ አደጋዎቹን በ60 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሕክምናዎቹ ማህፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን (ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት)፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ (ደም እንዲረጋ የሚረዳ መድኃኒት)፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ከዚያም ምንጩን መፈተሽና እርዳታ መጥራት ናቸው። አንዱን ሰጥቶ ውጤቱን መጠበቅ፣ ካልሠራ ሌላውን መሞከር ጊዜ ይበላል። ብቻዋን ያለች ነርስ በሁለት እጇ ይህን ሁሉ በምን ቅደም ተከተል እንደምትሠራ፣ የአስታማሚዋ እጅ ለምን እንደሚውል (ማህፀኑን ለማሸት ይውላል፤ አሳዩአት) ደጋግማ ትለማመድ። ረዳት በሞላበት ክፍል የተለማመደች ተማሪ ብቻዋን ስትሆን ትደናገራለች፤ ስለዚህ በፈተናው ቀን ክፍሉን ባዶ አድርጉት።

ሲወለድ ለማይተነፍስ ሕፃን የመጀመሪያዋ ደቂቃ ወሳኝ ናት። ማድረቅ፣ ጀርባውን ማሸት፣ ካልተነፈሰ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ በጭምብል አየር የሚሰጥ ከረጢት) አየር መስጠት፤ ደረቱ ካልተነሣ ጭንቅላቱን ማስተካከልና ጭምብሉን እንደገና መግጠም። ይህ ክህሎት ካልተነካ በወራት ውስጥ ይደክማል። በዓመት አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ረጅም ሥልጠና ይልቅ በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ይሻላል፤ የመለማመጃው አሻንጉሊትም ቢሮ ውስጥ ከሚቆለፍ ማዋለጃው ክፍል ይቀመጥ።

ከመላኳ በፊት የምትሰጠው

የሪፈር ወረቀት ብቻ ይዞ የሚጓዝ በሽተኛ መንገድ ላይ ያለ ሕክምና ይቆያል። ከባድ ቅድመ ኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት) ላለባት እናት የማግኒዥየም ሰልፌት፣ የሚጥል እንቅጥቅጥን የሚከላከለው መድኃኒት፣ የመጀመሪያ መጠን፣ ማለትም 4 ግራም በደም ሥር እና 10 ግራም በጡንቻ (በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም)፣ ሳይሰጣት መኪና ላይ መውጣት የለባትም። ነርሶች ይህን መድኃኒት ይፈሩታል፤ ፍርሃታቸውን አላቃልልም፤ መልሱ ግን መለኪያ ማስያዝ ነው። ቀጣዩ መጠን የሚሰጠው ትንፋሿ በደቂቃ 16 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የጉልበቷ ሪፍሌክስ (ጉልበቷ ሲመታ እግሯ መወርወሩ) ካለ፣ ሽንቷም በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ከሆነ ነው። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም በመርፌ ተዘጋጅቶ አጠገቧ ይቀመጥ። ተማሪዋ ይህን በእጇ ደጋግማ ካዘጋጀች ፍርሃቱ ወደ ጥንቃቄ ይለወጣል።

ስልክ ማውራትም ይለመድ። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ወደ ሕክምና የገባው አቀራረብ አራት ክፍል አለው፦ አሁን የሆነው፣ የበሽተኛዋ ታሪክ፣ የእኔ ግምገማ፣ የምፈልገው። ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አርዝመው የመጨረሻውን ይፈሩታል። «ቅድመ ኤክላምፕሲያ ይመስለኛል፤ ማግኒዥየም ሰጥቻለሁ፤ አሁን እየላክኋት ነውና ተቀበሏት» ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ በተለይ ከወዲያ በኩል ያለው ድምፅ ሲቆጣ። ስለዚህ በልምምዱ ላይ ስልኩን የምታነሡት እናንተ ሁኑና ተቆጡ፣ አቋርጡ፣ መስመሩንም ዝጉ። ተማሪዋ መልሳ ትደውል።

ስለ ማቀዝቀዣው አጠር አድርጌ ልናገር። አብዛኛው ክትባትና ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣሉ። የክትባት ብልቃጥ ላይ ያለው ጠቋሚ የሚያሳየው ሙቀትን እንጂ በረዶ መሆንን አይደለም፤ በረዶ ሆኖ የተበላሸ የቴታነስ ክትባት በጠቋሚው ጤነኛ ይመስላል። ተማሪዎች አንድ ብልቃጥ ሆን ብለው በረዶ አድርገው ካቀለጡት በኋላ በመነቅነቅ ሙከራ (ነቅንቆ የትኛው ቶሎ እንደሚዘቅጥ በማየት) በረዶ ካልሆነው ጋር ያነጻጽሩ።

አብራ የምትኖርበት ማኅበረሰብ

በትንሽ መንደር ነርሷ ጠዋት ያከመችውን ሰው ከሰዓት በኋላ በመንገድ ታገኘዋለች። የአባላዘር በሽታ መድኃኒት የሰጠችው ሰው የጎረቤቷ ባል ሊሆን ይችላል። ምስጢር መጠበቅ እዚህ ቦታ መዝገቡን ከመቆለፍ ያለፈ ነገር ይጠይቃል፤ ማን መቼ እንደመጣ በፊቷም እንዳይነበብ መማር አለባት። የራሷን ዘመድ ማከም ግድ ሲሆን ማንን እንደምታማክር፣ ቤቷን ለሚያንኳኩ ሁሉ መቼ «ነገ ጠዋት» እንደምትል ከወዲሁ ትወስን። እረፍት ያጣች ነርስ መድኃኒት ስታሰላ ትሳሳታለች፤ ስለዚህ እንቅልፏን እንደ በሽተኛ ደኅንነት ጉዳይ አድርጋችሁ አስተምሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣውና በ2021 ባሻሻለው መመሪያ ከገጠር የመጡ ተማሪዎች እንዲመለመሉ፣ ልምምዳቸውም በገጠር እንዲሆን ይመክራል። ልምምዱ ጉብኝት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ተማሪዋ ሌሊት ተቀስቅሳ፣ መኪና ፈልጋ፣ የላከቻትን በሽተኛ ተከትላ እስክታይ ድረስ ትቆይ፤ አሠልጣኙም አብሮ ይደር።

ከተመረቀች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት በየሳምንቱ በቋሚ ሰዓት ደውሉላት። «እንዴት ነሽ?» ብላችሁ አትቁሙ፤ ማንን ላክሽ፣ በስንት ሰዓት ወሰንሽ፣ በስንት ሰዓት ተነሡ ብላችሁ ጠይቁ። በውሳኔውና በመነሻው መካከል ያለው ክፍተት ቀጥሎ የምታስተምሩትን ይነግራችኋል። የላከቻቸው ሰዎች ምን እንደሆኑ የምትሰማበት መንገድም ይኑር፦ ከሪፈር ወረቀቱ ጋር የመልስ ቅጽ ይያያዝ፣ ሆስፒታል ውስጥም ቅጹን ሞልቶ የሚመልስ አንድ ሰው በስሙ ይታወቅ። ይህን ከሆስፒታሉ ጋር የምትስማሙት ነርሷ ከመመደቧ በፊት ይሁን።